የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በጎንደር የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ገንዘብ የሚያወጡት ወርቅ ቢጠብቁ ነው።»
በጎንደር አካባቢ፣ በአዘዞም ሆነ በደንቀዝ፣ ካስማ ተተክሎ ገመድ ሲዘረጋ ፈጥኖ የሚነሣው ወሬ ይህ ነው። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ሲሆን፣ የተገኘው ቅርስም የቆፋሪው ወይም የገንዘብ ሰጪው ሳይሆን የመንግሥት ንብረት ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ለአንድ የጥናት ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከ2006 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በስፔን የባህል ሚኒስቴር ድጋፍ በእነዚሁ ቦታዎች ጭምር የመረመረው፣ አፄ ፋሲለደስ ያባረሯቸው ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ) ሚሲዮናውያን የተዉትን ሕንፃ ነው።

«ወጪው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው።»
ቁፋሮው ካበቃ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ከቁፋሮው ይረዝማል። በወንፊት የተለየ እያንዳንዱ ገል በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ የተገኘበት የአፈር ንብርብር ቁጥር በቀለም ይጻፍበታል፣ ከዚያም ይሣላል፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው ባለሙያ ለወራት ደመወዝ ይፈልጋል። የዕድሜ ምርመራውም በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። እዚህ ላይ ጎንደርን በተለይ የሚመለከት ችግር አለ፦ የከሰልንና የመሳሰሉትን ቅሪቶች ዕድሜ የሚለካው የካርቦን 14 ምርመራ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ያለውን ጊዜ አጥርቶ አይለይም፤ በቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ዘመን (በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ) የነደደ ከሰል ውጤቱ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊዘረጋ ይችላል። ስለዚህ ለጎንደር ዘመን ጥናት፣ ከላቦራቶሪው ይልቅ ገሉን በዓይነት ለሚለይ ሰው መክፈል ይሻላል ባይ ነኝ።

«ፋሲል ግቢ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ዩኔስኮ ይከፍላል።»
ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. መመዝገቡ ዓመታዊ በጀት አላስገኘለትም። ከዓለም ቅርስ ፈንድ የሚገኘው እርዳታ መንግሥት ሲጠይቅ የሚታይ ውስን ገንዘብ ሲሆን፣ በዋናነትም የታሰበው ለጥበቃና ለእንክብካቤ ነው። የተሰነጠቀ ግንብ በኖራ መጠገንና መሬት መቆፈር የተለያየ ቦርሳ አላቸው።

«ማመልከት የሚችለው ፈረንጅ ብቻ ነው።»
ሐሰት ነው። የአንትሮፖሎጂና የአርኪዮሎጂ ጥናትን በገንዘብ የሚደግፈው ዌነር ግሬን ፋውንዴሽን፣ ለምሳሌ፣ የአመልካቹን ዜግነት መስፈርት አያደርግም፤ የዶክትሬት ተማሪም ማመልከት ይችላል። ሰውን የሚጥለው «ጎንደርን በሙሉ አጠናለሁ» የሚል ሰፊ ዕቅድ ነው። ገንዘቡ ቢፈቀድም እንኳ ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አንዲት ዶማ አትነሣም፤ ፈቃዱ የሚወስደው ጊዜም ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ መቆጠር አለበት።