የድጎማ በጀት ምንድን ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል መራጩን ሊያወያይ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲመጣ ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ውሃ፣ መንገድ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የመምህራን ደመወዝ። መልሱም የታወቀ ነው፦ «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን።» የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ግን ጠያቂውም፣ አንዳንዴም መላሹ ራሱ በቅጡ አያውቁትም።

የድጎማ በጀት የፌዴራል መንግሥት ከዓመታዊ በጀቱ ለክልሎች የሚያካፍለው ገንዘብ ነው። የነዳጅ ድጎማ ሌላ ነገር ነው፤ አይምታታብን። ለ2017 በጀት ዓመት ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ውስጥ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች የተመደበ ነበር።

በጀቱን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያዘጋጃል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ከድጎማው ለአማራ ክልል ስንት ይድረስ የሚለው ግን የሚወሰነው በሌላ ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። የማከፋፈያ ቀመሩ የሕዝብ ብዛትን፣ የክልሉን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅሙን ያያል።

ገንዘቡ ባሕር ዳር ከገባ በኋላ በአብዛኛው «ለዚህ ብቻ አውሉት» የሚል ገደብ የለበትም። ክልሉ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። የመንዝ መምህር ደመወዝ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ነገሩ የሚጠበውም እዚሁ ላይ ነው። የወረዳ በጀት በአብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ጠመኔው፣ የሞተር ሳይክሉ ነዳጅ፣ የባለሙያው የውሎ አበል ሁሉ የሚጠብቁት ያችኑ የተረፈች ሥራ ማስኬጃ ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ጥያቄ መጀመሪያ ለወረዳውና ለክልሉ ምክር ቤት መቅረብ አለበት።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ግን በጀቱን የሚያገኘው በቀጥታ ከፌዴራል ነው። በጣርማ በር አልፎ ወደ ደሴ የሚወጣው ዋና መንገድም የፌዴራል ነው። በእነዚህ ላይ የፌዴራሉን ተወካይ አፋጥጦ መያዝ ይቻላል።

ደግሞ «በጀቱን ደግፈው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም፤ በጀት አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛ ድምፅ ያልፋል። እኔ ብሆን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የዋና ኦዲተር ሪፖርት ምክር ቤት ሲቀርብ እርስዎ ምን ጠየቁ? ኅዳር 2017 ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅስ፣ የክልሎች ድርሻ ከፍ እንዲል ተከራክረዋል?