«አንድ ሜትር ድረስ ምንም የለም» አትበሉ፦ ጎንደር ላይ ስንቆፍር የምንስታቸው ነገሮች

የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ጎንደር ላይ ቁፋሮው በዝቷል። ቧንቧ ወይም ፋይበር በተበጠሰ ቁጥር ደግሞ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ነው።»

አንዳንዴ ነው። ግን ስካቫተር ላይ የተቀመጠ ሰው መሬት ውስጥ ያለውን በምን ያየዋል? የቧንቧው መረጃ ውኃ አገልግሎት ነው ያለው፣ የኬብሉ መብራት ኃይል፣ የፋይበሩ ቴሌ። ፋሲል ግቢ አካባቢ ከሆነ የቅርስ ባለሙያም ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ከቁፋሮው በፊት ሳይቱ ላይ ከኮንትራክተሩ ጋር ካልተገናኙ ፎርማኑ በግምት ነው የሚያስቆፍረው። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊቆፍር ያሰበ ሰው 811 ላይ ይደውላል፤ መስመር ያላቸው ድርጅቶች በየቀለማቸው መሬቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፦ ቀይ ለመብራት፣ ብርቱካናማ ለቴሌ፣ ሰማያዊ ለውኃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ። እኛ ቀለሙ ባይኖረን ኖራ አለን። የሚጎድለው አብሮ መቆም ነው።

«ውኃው በፈረቃ ነው፣ በጠፋበት ቀን ቧንቧ ቢመታ ምን ችግር አለው?»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ግፊት ሲኖር ውኃው በስንጥቁ ወደ ውጭ ይፈሳል። ግፊቱ ሲጠፋ ግን ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃና ፍሳሽ ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ፈረቃው ሲደርስም ቀጥታ ወደ ጀሪካናችን። ባዶ ቧንቧ ሲሰነጠቅ ምንም ስለማይፈናጠቅ ማንም አያይም፤ አፈር ይመለስበታል፣ ኮብልስቶን ይነጠፍበታል፣ አለቀ። የውኃ ባለሙያ ሳያይ ጉድጓዱ መደፈን የለበትም። ቤታችሁ ደፍርሶ ከመጣ ደግሞ አትጠጡት፣ ደውላችሁ አሳውቁ።

«መፈለጊያ መሣሪያው ሁሉንም ያሳያል።»

የተለመደው መሣሪያ የሚያገኘው ብረት ነው። ፕላስቲክ ቧንቧና ብረት የሌለው ፋይበር፣ ሲቀበር አብሮት ሽቦ ካልተዘረጋ በስተቀር፣ አይታየውም። ስለዚህ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት መስመሩ አለ በተባለበት ቦታ በአካፋ፣ ቀስ ተብሎ፣ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈራል። ዲጂኖ በኃይል መምታት ግን ራሱ አደጋ ነው፤ የመብራት ኬብል ከሆነ ሰው ይገድላል።

«አንድ ሜትር ድረስ ምንም የለም።»

ሲቀበር አንድ ሜትር ሊሆን ይችላል። ከተማችን ግን ዳገት ቁልቁለት ናት። መንገዱ በግሬደር ይጠረጋል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይወስዳል፣ መስመሩም ወደ ላይ ይቀርባል። ከአፈሩ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ላስቲክ ብቅ ካለ እዚያው ይቁም፤ የሚቀበረው ከመስመሩ በላይ ነው።

«ነካሁት እንጂ አልበጠስኩትም።»

የተላጠ የመብራት ኬብል እርጥበት ይገባውና ቆይቶ ይቃጠላል። ማሽን የጎተተው ፋይበር ደግሞ ከተነካበት ርቆ ሊበጠስ ይችላል፣ ቴክኒሻኑም ቦታውን ሲፈልግ ይውላል። መንገር ያስፈልጋል። ግን የቀን ሠራተኛው ቢናገር ከደሞዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ዝም ብሎ ይደፍነዋል፣ ማን ይፈርድበታል? ኮንትራክተሮችና መስመር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ሥራው ሳይጀመር ይህን ይስማሙ፦ በዕለቱ ያሳወቀ ሠራተኛ አይቀጣም፣ ጥገናውን ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ።