ለምናባዊ እውነታ የሚሠሩ ለስላሳ ተለባሽ የንክኪ መሣሪያዎች

ምናባዊ እውነታ፣ ማለትም በልዩ መነጽር የሚታየው በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም፣ ዓይንንና ጆሮን ማሳመን ከቻለ ቆይቷል፤ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየውን ብርጭቆ ለማንሳት የተዘረጋ እጅ ግን አየር ጨብጦ ይቀራል። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚሠሩት ጓንቶችና ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ስስ ንጣፎች ከሲሊኮን፣ ከጨርቅና ከስስ ፕላስቲክ ስለሚዘጋጁ፣ ከብረት ዘንግና ከሞተር እንደተገጣጠሙት ቀደምት ጓንቶች እጅን አያደክሙም።

ሥራው የሚጀምረው ቆዳን ከማወቅ ነው። የጣት ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ሲያውቅ፣ ጀርባ ላይ ግን ርቀቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ለጀርባ የሚበቃው የነጥቦች ብዛት ለጣት ፈጽሞ አይበቃም።

በጣም የተለመደው ዘዴ ንዝረት ነው። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ጆን ሮጀርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ንጣፍ ውስጥ፣ በስስ ፕላስቲክ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ማግኔት በዙሪያዋ ባለው የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ንጣፉ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው በአቅራቢያው ካለ አንቴና ያለ ገመድ ነው። ንዝረት መነካትን ያሳውቃል እንጂ የዕቃን ጥንካሬ አያስረዳም።

ለዚህኛው በስዊዘርላንድ የሎዛንና የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋማት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ጓንት የተሻለ መልስ ይመስላል። በጣቱ ላይ ተደራርበው የሚንሸራተቱ፣ በመካከላቸው ስስ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ያለባቸው የብረት ቅጠሎች 200 ቮልት ሲደርሳቸው እርስ በርስ ይሳሳቡና ጣቱን ባለበት ይገቱታል፤ ለአንድ ጣት የሚጨምረው ክብደት ከ8 ግራም አይበልጥም፣ የሚፈጀውም ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ይገታል እንጂ አይገፋም።

መግፋት የሚችሉት በአየር ወይም በፈሳሽ የሚነፉ የሲሊኮን ከረጢቶች ናቸው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳየው የሙከራ ጓንት በዚሁ መንገድ ይሠራል። ችግሩ ፓምፑና ቫልቩ የግድ የሆነ ቦታ መቀመጣቸው ነው፤ ሃፕትኤክስ የተባለው ኩባንያ ይህን ጭነት ወደ ጀርባ አዙሮታል፣ ያም ለስላሳ የሚለውን ስም በከፊል ያጎድፈዋል። በኤሌክትሪክ ቅርጻቸውን የሚለውጡ ላስቲኮች ፓምፕ ባያስፈልጋቸውም በአብዛኛው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሻሉ፤ ከላብ ጋር ለሚውል ዕቃ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ጓንቱ የሚደገፈው በራሱ በለባሹ እጅ ላይ መሆኑ ነው። ጣቶች ኳስ እንዳይጨፈልቁ ማድረግ ይችላል፤ ክንድ ግን በምናባዊው ግድግዳ ውስጥ እንዳያልፍ ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች የሚታየው የእጅ ምስል ግድግዳው ላይ እንዲቆም ያደርጋሉ፤ እውነተኛው እጅ ጥቂት ቢያልፍም አእምሮ ብዙውን ጊዜ የሚያምነው ዓይንን ነው።