የመንግሥት ድጎማና ከቤት የሚወጣ ቆሻሻ በሰሜን ሸዋ

ርእሰ ከተማው ደብረ ብርሃን በሆነው የሰሜን ሸዋ ዞን (ፍቼ ያለበት የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ሌላ ነው) ከቤት የሚወጣ ቆሻሻ ሁለት ተረካቢ አለው። ዋጋ የሚያወጣውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ የቀረው በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ የጽዳት ማኅበራት ነው። የመንግሥት ድጋፍ በአብዛኛው የሚያርፈው በማኅበራቱ ላይ ሲሆን መልሶ የመጠቀሙ ሥራ ግን ያለው በቆራሌው እጅ ነው።

በ2017 በአዲስ ሕግ የተተካው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አባወራውም ሆነ እማወራዋ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለዩ ያዝዝ ነበር። ለይቶ ላስቀመጠ ቤተሰብ ግን የሚከፈል ነገር የለም። በአገሪቱ ከተሞች እንደተለመደው የማኅበራት ድጋፍ የመሥሪያ ቦታ፣ ብድርና የእጅ ጋሪ ነው። አዲስ አበባ ለዓመታት ማኅበራቱን በሜትር ኩብ ስትከፍል ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ክፍያ ገንዳ መሙላትን ይሸልማል እንጂ መለየትን አይሸልምም። ሃይላንድና ቆርቆሮ ለይቶ መሸጥ ለሠራተኛው የጎን ገቢ ሆኖ ይቀራል። በ2009 በ11 ከተሞች ተጀምሮ በሁለተኛው ምዕራፍ ከ80 በላይ ከተሞችን ያቀፈው የከተማ ሴፍቲኔትም ለጽዳት የሚከፍለው በተሠራው ቀን ብዛት ነው።

የቆራሌውን ገበያ ይበልጥ የሚያናውጡት ለቆሻሻ ተብለው ያልወጡ ውሳኔዎች ናቸው። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአብዛኛው ቁርጥራጭ መዳረሻም መርካቶ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምናለሽ ተራ ወይም ፋብሪካዎቹ ናቸው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የጭነት ዋጋ ጨመረ። ብረት ክብደቱ ዋጋ ስላለው ይችለዋል፤ ባዶ ሃይላንድ ግን መኪና ይሞላል እንጂ ሚዛን አያነሣም። ካልተጨፈለቀ የሚጫነው አየር ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ስለተወደደ የአገር ውስጡን ቁርጥራጭ መፈለግ አዋጭ ሆነ። አንዱ ውሳኔ ያራቀውን ሌላው አቀረበው።

ያለ ምንም ድጎማ የሚሠራም አለ፤ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ። ማስያዣ ስላለው ሰው ራሱ ይመልሰዋል።

የወጥ ቤቱ ነገር ከዚህ ይለያል። በደጋው አተላውና ልጣጩ ለከብትና ለበግ ነው፤ እበቱ እንጨት ስለጠፋ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለኮምፖስት የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ መንግሥት የሚደጉመው የፋብሪካውን ማዳበሪያ እንጂ ጓሮ የበሰለውን አይደለም። የሚገርመው ግን የድጎማው ማዳበሪያ ከረጢት በየቤቱ ከማንም ዕቃ በላይ ተደጋግሞ የሚያገለግል መሆኑ ነው። ስሙ እንኳ አልተለወጠም፤ እህል የሚከተትበትም ከሰል የሚሸጥበትም ያው «ማዳበሪያ» ነው። ቆሻሻ የሚለቅሙትም ተሸክመው የሚሄዱት እሱን ነው።

ፌስታልን የሚገዛ የለም፤ ቆራሌው አይነካውም፣ ከብት ከበላውም ሊሞት ይችላል። በ2017 የወጣው አዲስ ሕግ መጠቀሙን ከልክሏል። ቀድሞ የተጣለውን ለሚለቅም ሰው ግን ዛሬም ዋጋ የለውም።