አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ፦ የቱ የማን ነው?

«የክልል ምክር ቤት አባላችን ሕጉን ያስቀይርልን» የሚለው ጥያቄ እዚህ አማራ ክልል ውስጥ ደጋግሞ ይነሳል። መጀመሪያ መለየት ያለበት ያስቸገረን ነገር በማን የወጣ እንደሆነ ነው።

አዋጅ የሚያወጣው ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የመረጥነው አባል ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው። ደንብ የሚያወጣው በርዕሰ መስተዳድሩ የሚመራው መስተዳድር ምክር ቤት፣ ማለትም የክልሉ ካቢኔ ነው፤ ሁለቱም «ምክር ቤት» መባላቸው ነው ብዙ ሰው የሚያምታታው። መመሪያ ደግሞ ጉዳዩ ከሚመለከተው የክልሉ ቢሮ ይወጣል። መመሪያ ከደንብ፣ ደንብ ከአዋጅ ሊቃረን አይችልም።

ለምሳሌ ባሶና ወራና ወረዳ ያለ ገበሬ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የአዋሳኝ ስም ተሳስቶ ቢጻፍበት ይህ የሕግ ችግር አይደለም። ደብተሩንና ማስረጃውን ይዞ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመለክታል፣ ማመልከቻውንም መዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥርና ቀን ያስመዘግባል። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ኋላ «አልደረሰንም» ይባላል። የምክር ቤት አባል ባለሙያውን «አስተካክል» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ የቢሮ ኃላፊውን ግን በጉባኤ ሊጠይቅ ይችላል።

ቅሬታው በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ አንቀጽ ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአባሉ ነው። አንቀጹን ጠቅሶ፣ ምን እንዲሻሻል እንደሚፈለግ በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት ይበጃል። በደፈናው «መሬት አስቸገረን» ማለት የትም አያደርስም።

የሚያስፈልገው ሰነድና የምላሹ ጊዜ እንደየወረዳው ይለያያል፤ ሥልጣኑ ግን አይለያይም።