የሰሜን ቨርጂኒያ ባለክፍያ ፈጣን መስመሮች

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ የለመድነው ክፍያ በርቀቱና በተሽከርካሪው ዓይነት ይተመናል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ተለይተው የተከለሉት ፈጣን መስመሮች ግን ዋጋቸው በየጊዜው ከፍ ዝቅ የሚለው እንደ መጨናነቁ ነው። የመጀመሪያው ባለክፍያ ፈጣን መስመር እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ ተከፈተ፤ የእሱ ዋጋ ግን የሚቀያየረው አስቀድሞ በወጣ የሰዓት ሰሌዳ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ ዋሽንግተንን የሚዞረው 495 በ2012፣ መንገድ 95 በ2014፣ ወደ ከተማ የሚያስገባው የመንገድ 66 ክፍል በ2017 ተከተሉ፤ በዚህኛው በጥድፊያ ሰዓት የሚያስከፍለው የተከለለ መስመር ሳይሆን መንገዱ በሙሉ ነው።

ዋጋው የሚጨምረው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። አንድ መስመር በሰዓት 2,000 ያህል መኪና ያሳልፋል። ከአቅሙ በላይ ሲገባበት የሚወርደው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያሳልፈው መኪና ቁጥርም ያንሳል። መንገዱ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት አገልግሎቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ዋጋው የሚጨምረው መስመሩ እዚያ አፋፍ ላይ ሳይደርስ የሚገባውን ለመመጠን ነው። የፌዴራሉ ሕግ፣ ቀድሞ ብዙ ሰው ለጫኑ መኪናዎች የተለየ መስመር ብቻውን ለሚነዳ በክፍያ ሲከፈት፣ በጥድፊያ ሰዓት ከጊዜው 90 በመቶውን በሰዓት ቢያንስ 45 ማይል እንዲያስነዳ ያዛል። በመንገድ 66 ታሪፉ በየ6 ደቂቃው ይከለሳል፤ አሽከርካሪው ሲገባ በሰሌዳው ላይ ያየው ዋጋ ግን አይቀየርበትም።

የመንገድ 66 ታሪፍ ጣሪያ የለውም። ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ሥራ በጀመረበት ጠዋት 16 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ዋጋው 34 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደረሰ። በማግስቱ 40 ዶላር ገባ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቁጣውም ይገባል፤ በሰዓት ተከፍሎት ለሚሠራና ማርፈድ ለማይችል ሰው 40 ዶላር ቀላል አይደለም። ሆኖም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፦ ከዚያ በፊት በጥድፊያ ሰዓት ብቻውን የሚነዳ ሰው በዚህ መንገድ እንዲሄድ ከነጭራሹ አይፈቀድለትም ነበር። በእርግጥ ቀድሞ የነበራቸውን መብት ያጡም አሉ፤ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመላለሱት ከነዚህ መካከል ናቸው።

ሦስት ሰው የያዘ መኪና በነጻ ያልፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆየ አንድ ልማድም በዚህ ሕግ ይኖራል። ተሳፋሪዎች ጠዋት በመኪና ማቆሚያው ይሰለፋሉ፤ አሽከርካሪ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፔንታጎን!» ብሎ መድረሻውን ይጠራል፤ ከሰልፉ ፊት ያሉ ሁለት ሰዎች ይገባሉ። ገንዘብ አይከፈልም። አሽከርካሪው ካልጀመረ ወሬም አይነሳም። የማይተዋወቁ ሰዎች እርስ በርስ ተማምነው መንገዱን ማቅለላቸው ከታሪፍ ሰሌዳው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

ጠዋት ደለስ ደርሶ እንግዳ ተቀብሎ ወደ ከተማ ለሚመለስ ቤተሰብ ሦስት ሰው መሙላት አያስቸግርም። የሚረሳው መሣሪያው ነው። በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ተራው የክፍያ መሣሪያ፣ ኢዚ ፓስ፣ አይበቃም፤ ፍሌክስ የተባለው ያስፈልጋል፤ ከመግባት በፊትም ማንሸራተቻው ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና ማለት ነው) መገፋት አለበት። አለበለዚያ አምስት ሰው ቢጫንም ሙሉ ዋጋው ይቆረጣል። ከኋላ በሕፃን ወንበር የታሰረ ልጅ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል።