ልጄ አማካሪ ዘንድ ተጠራ፤ ምን አጥፍቶ ነው?

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ ወላጅ «ልጅዎን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠርታዋለች» ሲባል ቀድሞ የሚታየው ቅጣት ነው። አይደለም። ቅጣት የርዕሰ መምህሩና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጉዳይ ነው።

7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ይባላል። ክልላዊ ፈተናው፣ የሰውነት ለውጡ፣ የጓደኛ ግፊቱ አንድ ላይ የሚመጡት እዚህ ነው። አማካሪዋ የጥናት ጊዜ አከፋፈል ታሳያለች፤ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ለምን እንደሚቀር ትጠይቃለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ታዳምጣለች።

ልጁ የነገራትን ለመምህራን አታወራም። ጥቃት ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ ከሆነ ግን (ሕጉ የሚፈቅደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው) ዝም ልትል አይገባም፤ ልጁን ለመጠበቅ ለሚመለከተው ታሳውቃለች። ይህን ገደብ ገና ከመጀመሪያው ለልጁ ልትነግረው ይገባል፤ አለዚያ እምነቱ ይሰበራል።

አማካሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያነጋግሩ።